«በኤሌክትሪክ ኮንታክት» ከማለታችን በፊት ሽቦው ይሞቃል

ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን አዘውትሬ አነባለሁ፣ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቤትና የሕንፃ መብራት ዝርጋታ ስሠራ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ግድግዳ ፈልፍያለሁ፣ ቱቦ ቀብሬያለሁ፣ የተቃጠለ ሶኬት ስንቴ እንደቀየርኩ ቁጥሩን አላውቀውም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ቃል ነው። ኮንታክት። ቤት ተቃጠለ፣ ሱቅ ወደመ በተባለ ቁጥር የዜናው መጨረሻ ላይ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፤ የእሳቱ መነሻ የኤሌክትሪክ ኮንታክት ሊሆን እንደሚችል ተገምቷል ትላለች። ከዚያ ወሬው ይዘጋል። ኮንታክት እንደ መብረቅ ከሰማይ የሚወርድ ይመስል ከዚያ አልፎ የሚጠይቅ የለም። እኔ በሥራዬ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሁለት ሽቦ ተነካክቶ ብልጭ ከማለቱ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ አንድ ቦታ ላይ ለወራት ሲሞቅ ነው የከረመው። ሙቀቱ ልባሱን ያደርቀዋል፣ ያሰነጥቀዋል፣ ያረግፈዋል፣ በመጨረሻ ራቁታቸውን የቀሩት ሽቦዎች ይገናኛሉ። እኛ የምናየው የመጨረሻዋን ደቂቃ ብቻ ነው።

እነዚያን ወራት ማየት ይቻላል። ሙቀትን የሚያሳውቅ ጎማ አለ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ የሙያ ጓደኞቼም ብዙዎቹ አልሰሙም፣ ስለዚህ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንዲት እናት «ብሬከር ቀይርልኝ» ብለው ጠሩኝ። ገና በሩን ስገባ ሽታው ተቀበለኝ። የዓሣ ሽታ ነው፣ ትንሽ የሽንት ሽታም የተቀላቀለበት። ይህን ሽታ የሙያ ሰው ያውቀዋል፤ ፕላስቲክ ሲጋል እንደዚያ ይሸታል።

«እማማ፣ ይሄ ሽታ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«ከፋሲካ ወዲህ ነው መሰለኝ ልጄ። የሽንት ቤቱ ቱቦ መስሎኝ ነበር፣ ዕጣን እያጨስኩ ነው የማጠፋው» አሉኝ።

ጊዜው መስከረም ነበር። ከፋሲካ እስከ መስከረም! የምጣዱን ሶኬት በካቻቢቴ ፈታሁት። የሽቦው ቀይ ልባስ ቡናማ ሆኗል፣ በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ቆሎ ገለባ ተፈረፈረ። ከሥሩ ያለው መዳብ ጠቁሯል። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አንዲት ብሎን ነች። ሲገጠም በደንብ ያልጠበቀች፣ ወይም ምጣዱ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር እየላላች የሄደች ብሎን። ብሬከሩ ደህና ነበር፣ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም።

ሰው የማይረዳው እዚህ ጋ ነው። «ብሬከር አለኝ፣ ምን እሆናለሁ» ይላል። ብሬከሩ የሚያየው በውስጡ የሚያልፈውን አምፔር ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ግድም ይበላል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል። ብሎኑ ላላም ጠበቀም 16ቱ አምፔር ያው ነው። ለብሬከሩ ሁሉም ሰላም ነው። የላላችው ብሎን ጋ ግን መንገዱ ጠቧል። እዚያች ነጥብ ላይ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጠር፣ 16 በ16 ተባዝቶ በአንድ አሥረኛ ሲባዛ 25 ዋት ተኩል ግድም ሙቀት ይሆናል። ሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡባትን ትንሽ ካውያ አስቧት። እሷን ሶኬት ውስጥ ከትቶ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ ሃያና ሠላሳ እንጀራ እስኪወጣ ድረስ እንደማቆየት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለዓመታት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም። ሽቦውን የሸፈነውን ሁላችንም «ጎማ» እንለዋለን፣ ግን ጎማ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ በአብዛኛው ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ተራው ፒቪሲ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ነው። ኤክስኤልፒኢ የሚባለው ሌላ ፕላስቲክና ኢፒአር የሚባለው ትክክለኛ ጎማ እስከ 90 ይችላሉ። ሲሊኮን ጎማ እስከ 180 ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ምድጃና መጋገሪያ ውስጥ የምታገኙት። በሙያው የቆየ ግምታዊ ሕግ አለ፤ ከተፈቀደው በላይ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የልባሱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። እንግዲህ 70 ለሚችል ልባስ 90 ዲግሪ ስትሰጡት ምን እንደሚሆን አስቡት። አይነድም፣ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ያረጃል። ፒቪሲ ለስላሳ የሚያደርገው ቅባት መሰል ነገር ውስጡ አለው፣ ሙቀቱ እሱን ያባርረዋል፣ የቀረው እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰበራል።

አየሩም ራሱ ለውጥ አለው። በዝርዝር መጻሕፍት ላይ ያለው የሽቦ አቅም በ30 ዲግሪ አየር የተሰላ ነው። 40 ዲግሪ በሆነ ቦታ፣ ሠመራ ወይም ጋምቤላ በሉት፣ ያው የፒቪሲ ሽቦ መሸከም ያለበት 87 በመቶውን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደህና የነበረ አሠራር እዚያ ሲደገም ሽቦው ገና ከጅምሩ ሞቆ ነው የሚጀምረው። ይህን የሚያሰላ ኮንትራክተር ብዙም አላየሁም፣ እውነቱን ለመናገር።

አሁን ወደ ጎማው ልምጣ።

ባሕረ ሰላጤው አገር መብራት የሚሠራ የእህቴ ልጅ አለ። ሲመጣ ትንንሽ ሰማያዊ የሲሊኮን ቆቦች ይዞልኝ መጣ፣ የጣት ጫፍ የምታክል ነገር ናት። ሽቦው ብሎን ላይ ከሚታሰርበት ጫፍ ላይ ትጠልቃለች። «ጋሼ፣ ከሞቀች ትነጣለች» አለኝ። እኔ በወሬ አላምንም። ወጥ ቤት ገባሁ፣ ውሃ ጣድኩ፣ ቴርሞሜትር ከትቼ ቆቧን በክር አንጠለጠልኳት። 40 ላይ ምንም የለም። 50 ላይ ምንም የለም። 60ን አለፍ ስንል ጠርዟ መደብዘዝ ጀመረች፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ነጭ ሆነች። አወጣኋት፣ እፍ እፍ አልኳት፣ ሰማያዊነቷ እንደ ጥላ እየመጣ ተመለሰ። ባለቤቴ «ደግመህ አድርገው» አለችኝ፣ አራት ጊዜ ደገምነው።

እንዴት ነው የምትሠራው? ሲሊኮኑ ሲቦካ በዓይን የማይታዩ እንክብሎች ይቀላቀሉበታል። በየእንክብሉ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ ቀለም፣ ቀለሙን የሚያወጣ ደካማ አሲድ፣ እና ሰም መሰል ነገር። ሰሙ ጠጣር እስከሆነ ድረስ ቀለሙና አሲዱ ተያይዘው ይታያሉ። ሰሙ ሲቀልጥ ይለያያሉ፣ ቀለሙ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ተመልሰው ይገናኛሉ። ቡና ሲቀዳበት ሥዕሉ የሚለወጥ ስኒ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፣ ያው ነው። በየትኛው ዲግሪ ይለወጥ የሚለው የሚወሰነው በሰሙ ዓይነት ነው። ለፒቪሲ ሽቦ 60 እና 70 መካከል ያለው ይበጃል፣ ጉዳት ከመድረሱ በፊት ይናገራልና።

በነጋታው ሁለት ቆቦች የራሴ ምጣድ ስፒና ላይ፣ ከውጭ በሚታይበት በኩል፣ ሁለቱም ሽቦዎች ላይ አጠለቅኋቸው። ባለቤቴ እንጀራ ጀመረች። አምስተኛው እንጀራ ወጣ፣ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ስምንተኛው አካባቢ የግራዋ ጠርዝ ነጣ አለ፣ አሥረኛው ላይ ሙሉ በሙሉ ነጣች። የቀኟ እንዳለች ነች። ምጣዱን አጥፍቼ፣ ስፒናውን ነቅዬ፣ ብሎኑን ስፈትሸው ሩብ ዙር ገደማ ይጠብቃል። አጠበቅሁት። በሚቀጥለው እንጀራ ቀን ሃያ አምስቱ ሲወጣ ሁለቱም ሰማያዊ እንደሆኑ ቀሩ። በሩብ ዙር የመጣ ልዩነት ነው ይሄ። በእጄ ብዳስሰው ሽፋኑ ከውጭ ለብ ያለ ብቻ ስለሚሆን አላውቀውም ነበር።

አንድ አንባቢ «ለምን ጎማ? ቴርሞሜትር አይደረግም?» ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መለኪያው ብረት ያለበት ከሆነ መብራት ካለበት ጫፍ ጋር ሲጠጋ ራሱ አደጋ ይሆናል፣ ስለዚህ ራቅ ይደረጋል፣ ሲርቅ ደግሞ በመካከል አየር ገብቶ የሚለካው የሳጥኑን ሙቀት እንጂ የብሎኑን አይሆንም። በካሜራ የሚታየው የሙቀት መመልከቻም ጎበዝ ነው፣ ግን ክዳን የተዘጋ ሶኬት ውስጥ አያይም፣ ዘወትርም አጠገባችን የለም። ጎማ ግን መብራት አያስተላልፍም፣ ይለጠጣል፣ ቅርጹን ከሽቦው ጋር አስማምቶ ቆዳ ለቆዳ ይነካል። ችግሩ ጎማ ሙቀትንም ቶሎ አያሳልፍም። የሽቦው ልብ ሞቆ ላዩ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ይህን ለማስተካከል አምራቾች አሉሚና ወይም ቦሮን ናይትራይድ የሚባል ዱቄት ይቀላቅሉበታል፤ እነዚህ ሙቀት ያሳልፋሉ፣ መብራት አያሳልፉም። በጣም ሲበዛ ጎማው ይደርቅና ሲታጠፍ ይቀደዳል። መጠኑ ላይ ነው ጥበቡ።

ሌላ ዓይነትም አለ፣ እኔን በጣም ያስገረመኝ እሱ ነው። ራሱ መብራት የሚያስተላልፍ ጎማ ወይም ፕላስቲክ። የጥላሸት ዱቄት ይጨመርበታል። ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው ሲቆሙ አስቡ፤ የጥላሸቱ ቅንጣቶች እንደዚያ ተነካክተው መብራቱን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብሉታል። ሲሞቅ ቁሳቁሱ ያብጣል። ልጆቹ ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ እጆቻቸው እንደሚላቀቁ ሁሉ ቅንጣቶቹም ይላቀቃሉ፣ ተቃውሞው በአንዴ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፣ መብራቱ ይቀንሳል። ሲቀዘቅዝ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ያለው ራሱን የሚመልስ ፊውዝ በዚህ ነው የሚሠራው። በብርድ አገር የውሃ ቱቦ እንዳይበርድ የሚጠመጠመው ገመድም ይኸው ነው፣ ቱቦው በሞቀበት ቦታ ራሱ ማሞቁን ይቀንሳል። ማለትም ያው አንድ ነገር ሙቀቱንም ያውቃል፣ እርምጃም ይወስዳል። ማንም ሰው ቆሞ አይጠብቀውም።

ሦስተኛው ለመጋዘንና ለገበያ ሕንፃ የሚሆን ነው። ሁለት የብረት ሽቦዎች ተጠማዘው፣ እያንዳንዳቸው ሙቀት ሲነካቸው የሚለሰልስ ልባስ ለብሰው፣ ረጅም ገመድ ሆነው ይዘረጋሉ። ልባሱ 68 ዲግሪ፣ ወይም 88፣ ወይም 105 ላይ እንዲለሰልስ ተደርጎ ይሠራል። ሙቀቱ እዚያ ሲደርስ ሽቦዎቹ ልባሱን ጨፍልቀው ይገናኛሉ፣ ደወሉ ይጮኻል። በገመዱ ርዝመት የትኛውም ቦታ ላይ ይሁን ይሠራል። በውጭ አገር የኬብል ዋሻዎችና የማዕድን ማጓጓዣ ቀበቶዎች ላይ ያገለግላል። እኛ ጋ ደግሞ ጨርቅና ካርቶን እስከ ጣራ የተከመረባቸው፣ ሽቦው ከላይ እንደ ሐረግ የተጠላለፈባቸው መጋዘኖች አሉ። ልኩ ለእነሱ ነበር።

ይህ ነገር የቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 ኒውዚላንድ ውስጥ ኦክላንድ ከተማ ላይ ለመሀል ከተማው መብራት የሚያመጡ አራት ዋና የመሬት ውስጥ ገመዶች ነበሩ። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አራቱም ተራ በተራ ተበላሹ። ወቅቱ እዚያ ሞቃትና ደረቅ በጋ ነበር። ደረቅ አፈር ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም፣ ገመዱን እንደ ብርድ ልብስ ነው የሚጠቀልለው። አንዱ ሲወድቅ ሸክሙ ወደቀሩት ሄደ። የአንድ ሀብታም አገር ትልቅ ከተማ መሀሉ አምስት ሳምንት ያህል በጄኔሬተርና በጊዜያዊ መስመር ኖረ። ዛሬ እንዲህ ባሉ ትልልቅ ገመዶች ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር አብሮ ይቀበራል፣ ብርሃን እየተላከበት በየሜትሩ ያለው ሙቀት ይነበባል። ያ የትልልቆቹ ነው። የእኛ ሶኬት ግን መስታወት ክር አያስፈልገውም፣ ሰማያዊ ቆብ ትበቃዋለች።

ይህን አሁን የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው፣ ደስታዬን ለመግለጽ ቃል የለኝም። ግን ብዙ መብራት ሲመጣ የሚያልፈው በዚያው በድሮው ሽቦ ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። እሱም ጥሩ ነው። ነገር ግን ምጣድ ቢሞቅ ሁለት ሰዓት ነው። መኪና ሌሊቱን ሙሉ ነው። የግድግዳ ቻርጀሩ 7 ኪሎዋት ከሆነ 32 አምፔር፣ ሳያርፍ፣ ከማታ እስከ ንጋት።

ባለፈው ወር አንድ ግቢ ሄጄ ነበር። ከአንደኛ ፎቅ መስኮት ኤክስቴንሽን ወርዷል፣ ትርፉ ሽቦ ደግሞ እንደ ጥቅል ገመድ ተጠምጥሞ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ካርቶን ተደፍቶበታል ዝናብ እንዳይነካው። ካርቶኑን አነሳሁና እጄን ጥቅሉ ላይ ጣል አደረግሁ፣ ወዲያው ነው የነጠቅሁት። የተጠቀለለ ሽቦ ሙቀቱን የሚያስወጣበት የለውም፣ አንዱ ዙር ሌላውን ያሞቀዋል። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፣ አላወቀም። የባሰው ደግሞ የቻርጀሩ ስፒና ተቆርጦ ሌላ ተተክቶበታል፣ የእኛ ሶኬት ውስጥ አልገባ ብሎ። አንዳንዶቹ ቻርጀሮች ስፒናው ጎማ ውስጥ የተቀበረ ትንሽ የሙቀት መለኪያ አላቸው፣ ሶኬቱ ሲሞቅ ቻርጀሩ ራሱን ይቀንሳል ወይም ያጠፋል። ስፒናው ሲቆረጥ አብሮ የተጣለው እሱ ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ቻርጀሩ «አልሠራም» ሲለው ሽቦውን አገናኝቶ ያታልለዋል። የሙያ ጓደኞቼ ካነበባችሁ እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ። ያ ስፒና ዓይን አለው፣ ዓይኑን አናውጣ። የሚገባበትን ትክክለኛ ሶኬት ግጠሙለት።

ስለ ጎማው ግን እውነቱን ሁሉ ልናገር፣ ሰው ነገ ገዝቶ እንዳያዝን። ቀለም የሚቀይረው ጎማ ፀሐይ አይወድም። ከቤት ውጭ ቆጣሪ ሳጥን ላይ ፀሐይ እየመታው ከከረመ ቀለሙ ራሱ ይጠፋል፣ ያኔ ነጭነቱ ሙቀት ይሁን እርጅና አይታወቅም። ተመላሹ ዓይነት ደግሞ እኔ ማታ መጥቼ ባየው ጠዋት ነጥቶ እንደነበር አይነግረኝም። ለተዘጋ ሳጥን አንዴ ከተለወጠ የማይመለሰው ይሻላል፤ ባለሙያው በዓመት አንዴ ሲከፍት ያነበዋል። ከሁሉ በላይ ግን ጎማው ይናገራል እንጂ አያድንም። ነጣ ካለ አጥፍቶ ሰው መጥራት ነው፣ እንጀራው አምስት ቀርቶታል ብሎ መቀጠል አይደለም። ደግሞ «ጎማ ከሆነ እኔም አለኝ» ብሎ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ የሞቀ መገጣጠሚያ ላይ የሚጠመጥም አይቻለሁ። ጥቁር ጎማ ጥላሸት አለበት፣ አንዳንዱ መብራት ያስተላልፋል። ያ ሙቀቱን መደበቅ ነው፣ አደጋም መጨመር ነው። ጥቁር ፕላስተር ደራርቦ መጠቅለልም ያው ነው።

በተለይ ሁለት ቦታ ላይ ዓይን ቢደረግ እላለሁ። አንደኛው የምጣድ ሶኬት ነው፣ ተናግሬያለሁ። ሌላው ከምሰሶ የሚመጣው የአሉሚኒየም ገመድ ከቤቱ የመዳብ ሽቦ ጋር የሚገናኝበት ነው። ብዙ ጊዜ በፒንሳ ተጠምዝዞ ብቻ ይተዋል። አሉሚኒየም ላዩ ቶሎ ይዝጋል፣ ያ ዝገት መብራት አያስተላልፍም፤ በብሎን ሲጨመቅም ቀስ እያለ ቅርጹን ይለውጥና ይላላል። ለሁለቱ የሚሆን ልዩ ማገናኛ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ። መላው ቤት የሚጠጣው በዚያች ነጥብ ነው።

ሽቦ የሚያመርቱና የሚያስመጡ ሰዎችም ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ልለምናቸው። የአንድ ጥቅል ሽቦ ዋጋ ውስጥ አንድ ደርዘን ቆብ ብትጨምሩልን ምን ይጎዳችኋል? ልባሱ ስንት ዲግሪ እንደሚችልም ጥቅሉ ላይ በአማርኛ ጻፉልን፣ ሻጩም ገዢውም እንዲያነበው። ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህራን ደግሞ፣ ሲሊኮንና ተለዋዋጭ ቀለም ቀላቅሎ በቅርጽ ማፍሰስ ተማሪ የሚሞክረው ሥራ ነው። ሙቅ ውሃና ቴርሞሜትር ይበቃል፣ እኔ ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው ያረጋገጥኩት። ጉራፈርዳ የጎማ ዛፍ ይለማል፣ እሱ ሲሊኮን አይወጣውም፣ ሲሊኮን መሠረቱ አሸዋ ነውና፤ ግን ጎማ ማቡካትና ማብሰል የሚያውቅ ሰው አገር ውስጥ የለም አንልም።

እናንተ ጋዜጠኞች ደግሞ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ኮንታክት ነው» ሲሏችሁ አትመለሱ። የቱ ጋ? የትኛው መገጣጠሚያ? የሽቦው ውፍረት ባለ ስንት ካሬ ሚሊሜትር ነበር፣ ምን ተሰክቶበት ነበር? ከዚያ በፊት የሸተተው ሰው ነበር? ጎረቤት ጠይቁ፣ የሸተተው ሰው አይጠፋም። እኚያ እናት ለአምስት ወር ዕጣን አጭሰዋል።

ሶኬታቸውን ቀይሬ፣ ሽቦውን እስከ ሳጥኑ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር አድርጌላቸው፣ ሁለት ቆብ ከስፒናው ላይ አጥልቄላቸው ወጣሁ። «ሰማያዊዋ ከነጣች ምጣዱን ያጥፉና ይደውሉልኝ» አልኳቸው። ለጎረቤቶቻቸው ሲያሳዩ ሰንብተው አሁን ከዚያው ብሎክ አምስት ቤት ጠርቶኛል። ቆቡ ግን አልቆብኛል፣ የእህቴ ልጅ እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው።

ዘጋቢ መላክ ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው። ሶኬት ከፍቼ አሳየዋለሁ።

አክባሪያችሁ
የመብራት ዝርጋታ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ